የተቋጠረ የውሻ ፀጉር በውኃ አይፈታም

ጥያቄ፦ «የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ኮንዶሚኒየም ነው። ቡቺ የሚባል፣ የሺ ትዙና የማልቲዝ ቅልቅል የሆነ፣ አሥራ አንድ ወር የሞላው ወንድ ውሻ አለኝ። እስከ ሰባት ወሩ ፀጉሩ እንደ ሐር ነበር። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን ከጆሮው ሥር፣ ብብቱና ሆዱ ላይ እየተቋጠረ አስቸግሮኛል። ይለሰልስልኛል ብዬ በየሳምንቱ በራሴ ሻምፖ አጥበዋለሁ፣ ሲደርቅም ቅቤ ቀባሁት፤ እየባሰ እንጂ እየተሻለ አልመጣም። ፀጉር አስተካካይ የሆነ ጎረቤቴ በቶንዶዙ ሙልጭ አድርጎ ሊላጭልኝ ፈቃደኛ ነው። ከተላጨ አዲሱ ፀጉር ወፍራምና ጠንካራ ሆኖ እንደሚበቅል፣ ሙቀትም እንደማያስቸግረው ነግሮኛል። ላስላጨው ወይስ ይቅር? ከዚያስ በኋላ እንዴት ልያዘው?»

ምላሽ፦ ቋጠሮው ሚዶ በማያስገባ መጠን ከቆዳው ጋር ከተያያዘ ፀጉሩ በማሽን መነሣት አለበት። ሥራው ግን በሰው ፀጉር ቤት፣ በሰው ቶንዶዝ፣ እስከ ቆዳው ሙልጭ ተደርጎ መሠራት የለበትም፤ የተሰጡዎት ሁለት ምክንያቶችም ልክ አይደሉም። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ችግሩ ከየት እንደመጣ መረዳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ ካልታወቀ ቡቺ ዛሬ ተላጭቶ ከጥቂት ወራት በኋላ እዚሁ ሁኔታ ላይ ይገኛል።

የብዙዎቹ ውሾች ፀጉር የተወሰነ ርዝመት ላይ ሲደርስ ማደጉን አቁሞ ይረግፋል። በየሰፈሩ የምናያቸው የአገራችን ውሾች መቀስ ሳይነካቸው ፀጉራቸው አጭር ሆኖ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው። የሺ ትዙ፣ የማልቲዝ፣ የላሳ አፕሶና የዮርክሻየር ቴሪየር ፀጉር ግን የዕድገት ዘመኑ እጅግ ረዥም በመሆኑ ካልተቆረጠ መሬት እስኪጠርግ ያድጋል። «እነዚህ ውሾች ፀጉራቸው አይረግፍም» የሚባለው አባባል ብዙ ባለቤቶችን አሳስቷል። ፀጉራቸው ይረግፋል፤ ነገር ግን የሞተው ፀጉር ወለል ላይ በመውደቅ ፈንታ በዙሪያው ባለው ረዥም ፀጉር ተይዞ ይቀራል። ሚዶ ካላወጣው ከሕያው ፀጉር ጋር ይጠላለፋል፣ ትንንሾቹ ቋጠሮዎችም እርስ በርስ እየተያያዙ እንደ በርኖስ ጥቅጥቅ ያለ ንጣፍ ይሠራሉ። ይህ የሚጀምረው ሁልጊዜ መተሻሸት ባለበት ቦታ ነው፤ ከጆሮ ጀርባ፣ ከብብት፣ ከጭን መካከል፣ ከጅራት ሥርና ከአንገት ማሰሪያው በታች። እርስዎ የጠቀሷቸው ቦታዎችም እነዚሁ ናቸው።

ክረምቱ ድርሻ አለው፤ ዋናው ጥፋተኛ ግን እሱ አይደለም። በደብዳቤዎ ውስጥ ቁልፉ ነገር የቡቺ ዕድሜ ነው። የእነዚህ ዝርያዎች የቡችላነት ፀጉር ከስድስተኛው ወር በኋላ ጀምሮ ዓመት እስኪሞላቸው፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ፣ በጎልማሳ ፀጉር ይተካል። በዚህ ጊዜ ለስላሳው ፀጉር በብዛት ይሞታል፣ አዲሱ ደግሞ በመካከሉ ይበቅላል፤ ሁለቱ ባሕርያቸው ስለማይመሳሰል ትናንት ማታ የተበጠረ ውሻ ዛሬ ጠዋት ተቋጥሮ ሊገኝ ይችላል። ብዙ ሰዎች ውሻቸው የታመመ ወይም እነሱ አንድ ነገር ያበላሹ እየመሰላቸው ተጨንቀው የሚመጡት ልክ በዚህ ወቅት ነው። የእርስዎ ቡቺ ይህ ለውጥ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደረሰበት። ዝናብ ያራሰው ሆድና እግር፣ የመንገዱ ጭቃ፣ ከሣር ላይ የሚጣበቀው ጭጎጎት ሲጨመርበት አሁን ያለበት ደረጃ ላይ መድረሱ አያስገርምም። ጊዜያዊ ለውጥ በመሆኑም አሁን የሚያዩትን የመቋጠር ፍጥነት ዕድሜ ልኩን የሚኖር አድርገው አይውሰዱት።

እጥበቱ ነገሩን ያባባሰው እንዴት ነው? የተቋጠረ ፀጉር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይበልጥ ይጠብቃል። የሱፍ ሹራብ በሙቅ ውኃ ታሽቶ ሲታጠብ ተጨማድዶ እንደሚቀረው ማለት ነው። ሻምፖው ከቋጠሮው ውስጥ ታጥቦ አይወጣም፣ ውኃውም ከሥሩ አይደርቅም፤ ስለዚህ ቆዳው ለቀናት በሳሙናና በእርጥበት ውስጥ ይቆያል። ፀሐይ በማይወጣበት ወር ይህ የቆዳ መቅላትን፣ መጥፎ ጠረንንና የሚያዥ ቁስልን ይጋብዛል። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ይበጠራል፣ ቀጥሎ ይታጠባል። በደረቅነቱ ያልተፈታ ቋጠሮ ውኃ ሊነካው አይገባም።

የሰው ሻምፖንም ያቁሙ። የሰው ቆዳ ወደ አሲድነት ያደላ ሲሆን የአሲድነት መለኪያው (ፒኤቹ) 5.5 ገደማ ነው፤ የውሻ ቆዳ ግን ወደ 7 የቀረበ ነው። የውሻ የላይኛው የቆዳ ክፍል ደግሞ ከሦስት እስከ አምስት የሚሆን የሴል ድርብርብ ብቻ ያለው ስስ ነገር በመሆኑ፣ ለእኛ የተሠራ ሳሙና በየሳምንቱ ሲደጋገምበት የተፈጥሮ ወዙን አጥቶ ይደርቃል፣ ያሳክካል። ውሻው ሲያክ ፀጉሩ ይታሻል፣ ሲታሽም ይቋጠራል። የዕቃ ማጠቢያና የልብስ ሳሙና ከዚህም የባሱ ናቸው። ቅቤውን በተመለከተ ሐሳብዎ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ለሰው ፀጉር ለዘመናት ያገለገለ ነገር ነው። በውሻ ላይ ግን አቧራ ይሰበስባል፣ ይሻግታል፣ ውሻውም እየላሰ ይጨርሰዋል፤ ይህን ያህል ግንባታና አቧራ ባለበት የከተማችን መሃል የተቀባ ውሻ አንድ ጊዜ ወጥቶ ሲመለስ ምን እንደሚመስል እርስዎም ሳያዩት አልቀሩም።

አሁን ማወቅ ያለብዎት ቋጠሮው ምን ያህል እንደጠለቀ ነው። አንደኛው ጎኑ ሰፋ፣ ሌላኛው ጠበብ ያለ ጥርስ ያለው የብረት ሚዶ ያግኙ። ፀጉሩን በጣትዎ ከፍለው ቆዳውን ካዩ በኋላ ሚዶውን ከሥሩ ጀምረው ወደ ጫፍ ይሳቡ። ብሩሽ ብቻ መጠቀም አታላይ ነው፤ የላይኛውን ፀጉር አለስልሶ ሥሩን ሳይነካው ያልፋል፣ ባለቤቱም በየቀኑ እያበጠርኩት እንዴት ተቋጠረ ብሎ ይገረማል። ሚዶው እየያዘም ቢሆን ካለፈ፣ ቋጠሮዎቹ የአውራ ጣት ጥፍር ከማያህሉና በመካከላቸው ጤነኛ ፀጉር ካለ ራስዎ ሊፈቷቸው ይችላሉ። የቋጠሮውን ሥር ከቆዳው በኩል በሁለት ጣት አጥብቀው ይያዙ፤ ይህ ጉተታው ቆዳውን እንዳያሳምመው ያደርጋል። ለውሻ የተሠራ የፀጉር ማለስለሻ ጥቂት ከነፉበት በኋላ ከጫፉ ጀምረው በትንሽ በትንሹ እየፈቱ ወደ ሥሩ ይግቡ። በአንድ ጊዜ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚታገል ሰው ቋጠሮውን ቢፈታ እንኳ ውሻው ዳግመኛ ሚዶ ሲያይ አልጋ ሥር የሚገባ ያደርገዋል።

ቆዳው ላይ የተጋገረውን ግን በመቀስ ለመቁረጥ አይሞክሩ። ቋጠሮው ሲጎተት ቆዳው እንደ ድንኳን አብሮት ይነሣል፤ ፀጉር የቆረጠ የመሰለው መቀስ ቆዳ ቆርጦ ይገኛል። በብብትና በጆሮ ጠርዝ ላይ እንዲህ የተቆረጡ ብዙ ውሾችን ሰፍቻለሁ፤ ሁሉንም ያመጧቸው ውሻቸውን ከልብ የሚወዱና የደነገጡ ሰዎች ነበሩ። ጥቅጥቅ ያለ ቋጠሮን በግድ መፍታትም ቢሆን ለባለቤቱ ፍቅር ይምሰለው እንጂ ለውሻው ስቃይ ነው። ፀጉር ተመልሶ ይበቅላል፤ ውሻው በእርስዎ ላይ ያለው እምነት ግን አንዴ ከተሰበረ ለመጠገን ወራት ይፈጃል።

ወደ ጎረቤትዎ ቶንዶዝ እንመለስ። የሰው ቶንዶዝ ለንጹሕና ለተበጠረ ፀጉር የተሠራ ነው። ርዝመት የሚጠብቀው የፕላስቲክ ሽፋን በቋጠሮ ውስጥ ስለማያልፍ አስተካካዩ ሽፋኑን አውልቆ በባዶ ምላጭ ለመሥራት ይገደዳል። ምላጩ ጥቅጥቅ ካለው ፀጉር ጋር ሲታገል በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል፣ ስሱን ቆዳም ያቃጥላል፤ ቃጠሎው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታየው በማግስቱ ነው። ሌላው ስጋት ለሰዎቹ ነው። ማይክሮስፖረም ካኒስ የተባለው ፈንገስ ከውሻና ከድመት ወደ ሰው ይተላለፋል፤ በቆዳ ላይ ጭርት፣ በሕፃናት ራስ ላይ ቆረቆር ያመጣል። ውሻ የተላጨበት ቶንዶዝ ነገ የሰው ልጅ ራስ ላይ መዋል የለበትም፤ የሰው ራስ ላይ የዋለውም እንዲሁ ውሻ ላይ አይዋል። በተጨማሪም ጎረቤትዎ ያመመው ውሻ ሊነክሰው ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ በከተማችን ያለ አደጋ በመሆኑ ቡቺ ክትባቱን በየዓመቱ መውሰዱ በማስረጃ መታወቅ አለበት፤ ካልወሰደ ከፀጉሩ በፊት የሚቀድመው እሱ ነው።

ሥራውን የቤት እንስሳት ክሊኒክ ወይም የውሻ ፀጉር በማስተካከል ልምድ ያለው ሰው በእንስሳት ቶንዶዝ ይሥራው። እነዚህ ማሽኖች ምላጫቸው በቁጥር ይለያል። 10 ቁጥር 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ 7 ቁጥር ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ፀጉር ያስቀራሉ። ረዥም የሚያስቀረው ምላጭ ሁልጊዜ የዋህ ይመስላል፤ እንደ ብብት ባለ እጥፋት ውስጥ ግን ጥርሶቹ ሰፊ በመሆናቸው ቆዳ ሊነክስ ይችላል፤ ስለዚህ ባለሙያው በዚያ ቦታ 10 ቁጥርን ቢመርጥ አይደንግጡ። ቀሪው አካል ግን ቋጠሮው እስከፈቀደ ድረስ ረዘም ይበል። ምላጩ በየጥቂት ደቂቃው በክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ተነክቶ ይፈተሽ፤ ክንድዎን የሞቀው ለቡቺ ቆዳ ግሏል። ውሻዎን ትተው ከመሄድዎ በፊት ምላጩ በውሻና በውሻ መካከል በፀረ ተሕዋስያን ይጸዳ እንደሆነ፣ እርስዎም አጠገቡ መቆም ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ። ጥያቄው የማይወደድበት ቤት ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

እዚህ ላይ በብርቱ የማስጠነቅቀው ነገር አለ። ሺ ትዙና ቅልቅሎቹ አፍንጫቸው አጭር፣ ዓይናቸውም ከጉድጓዱ ወጣ ያለ ነው። አንገታቸው በኃይል ከተጨመቀ ወይም ማጅራታቸው ተይዞ ከተጎተተ ዓይናቸው ከቦታው ሊወጣ ይችላል። የሚይዘው ሰው ደረትና ትከሻን ደግፎ ይያዝ። እንዲረጋጋ ብለው የሰው የእንቅልፍ ኪኒን ፈጽሞ አይስጡት፤ አፍንጫቸው አጭር ውሾች በመደንዘዣ ጊዜ የመተንፈስ ችግር በቀላሉ ይገጥማቸዋል። ማደንዘዝ ካስፈለገ፣ ክፉኛ የተቋጠረ ውሻ ላይም አንዳንዴ ርኅራኄው እሱ ነው፣ የእንስሳት ሐኪም መርምሮት፣ መዝኖትና እየተከታተለው ይደረግ።

መላጨት ፀጉር ያወፍራል የሚባለው እውነት አይደለም። ውፍረቱን የሚወስነው ከቆዳው በታች ያለው ሥር እንጂ ከላይ ያለፈው ምላጭ አይደለም። አዲስ የሚወጣው ጠንካራ የሚመስለው የተቆረጠው ጫፍ ዱልዱም በመሆኑ ብቻ ነው። ቡቺን በመሰሉ ፀጉራቸው ሳያቋርጥ በሚያድግ ውሾች ላይ ፀጉሩ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ እያደገ ይመለሳል። ይህን የሚያነቡ የፖሜራኒያን ባለቤቶች ግን ይጠንቀቁ፤ ከላይኛው ፀጉር ሥር ጥጥ የመሰለ ጥቅጥቅ ያለ ሁለተኛ የፀጉር ድርብ ያላቸው ውሾች ሲላጩ ፀጉሩ ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሳይመለስ ሊቆይ ይችላል። እነሱን መበጠር እንጂ መላጨት አይገባም።

የሙቀቱም ምክንያት ከአዲስ አበባ ጋር አይሄድም። ውሻ ሙቀቱን በዋናነት የሚያስወጣው በማለክለክ ነው፤ ፀጉሩ ሲላጭ እኛ ጃኬት እንዳወለቅን ያህል አይቀለውም። ከተማችን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ቀን ፀሐይዋ ስስ ቆዳን በቀላሉ ታቃጥላለች፣ ነጭ ፀጉርና ሮዝ ቆዳ ያለውን የማልቲዝ ደም ደግሞ ይበልጥ። ሌሊት በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ አምስት ስድስት ኪሎ የሚመዝን የተላጨ ውሻ በሴራሚክ ወለል ላይ ሲያድር ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ጊዜ አይፍጁ። አሁን በመስከረም ቢሠራለት ብርዱ እስኪጠና ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ፀጉር ይኖረዋል፤ እስከዚያ ከወለሉ ከፍ ያለና ወፍራም መኝታ ያዘጋጁለት። ሹራብ ካለበሱት ሌሊት ብቻ ይሁን፣ ጠዋትም ይውለቅ፤ የሚለበሰው ሁሉ እያሸ ያቋጥራልና።

ከተላጨ በኋላ የሚያዩት ቆዳ ሊያስደነግጥዎ ይችላል። መቅላት፣ ፎረፎርና ጠቆር ያለ ምልክት ለጥቂት ቀናት የሚጠበቅ ነው። ጆሮው ግን ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ከባድ ቋጠሮ ከጆሮው ሲነሣ ውሻው ቅለቱ ግራ እያጋባው ራሱን ደጋግሞ ያራግፋል፤ በዚህ ምክንያት የጆሮው ቅጠል ውስጥ ደም ተጠራቅሞ እንደ ትራስ ሊያብጥ ይችላል። ካበጠ፣ ወይም የሚያዥ፣ የሚሸት፣ ሲነካ የሚያስጮኸው ቦታ ካገኙ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይውሰዱት። በቋጠሮው ሥር መዥገር ወይም ቁንጫ ከተገኘም ለክብደቱ የሚመጥን መድኃኒት ይታዘዝለት። ነጭ ጋዝ መቀባት የሚሉ ሰዎችን አይስሙ፤ ቆዳን ያቃጥላል፣ ሲላስም ይመርዛል።

ለወደፊቱ የምመክርዎ ርዝመት ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ነው። መሬት የሚጠርገው ረዥም ፀጉር የሚያምር ነው፣ አልክድም፤ ነገር ግን በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ሥራ የሚጠይቅና ለውድድር ውሾች የሚስማማ እንጂ ከአራት ኪሎ መንገድ ጋር የሚስማማ አይደለም። በዚህ ርዝመት በየቀኑ አምስት ደቂቃ፣ ከሥር እስከ ጫፍ፣ በሚዶ ይብቃዎት፤ ይህ የለውጥ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ አንድም ቀን አይዝለሉ። በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ ይስተካከል። በመካከሉ በመዳፉ ሥር፣ በፊንጢጣውና በሽንት መውጫው ዙሪያ ያለው ፀጉር አጭር ይደረግ። በፊንጢጣ ዙሪያ ያለው ፀጉር ከሰገራ ጋር ተጋግሮ መውጫውን ሲዘጋ አይቻለሁ፤ ባለቤቶቹ ውሻቸው ሆዱ የደረቀበት መስሏቸው ነበር። ቤት ውስጥ የአንገት ማሰሪያውን ያውልቁለት።

እጥበቱ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ፣ በውሻ ሻምፖና ለብ ባለ ውኃ ይሁን። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሻምፖውን ሳያለቅልቁ ውኃ እንዳያልቅብዎ በቂ ውኃ በባልዲ ቀድተው ይጀምሩ፤ የቀረ ሻምፖ ካለመታጠብ ይከፋል። በፎጣ ሲያደርቁ አይሹት፣ እየተጫኑ ውኃውን ይምጠጡ። ከዚያ የፀጉር ማድረቂያውን (ፎኑን) በዝቅተኛ ሙቀት፣ ከአንድ ስንዝር በላይ አርቀው፣ እየበጠሩ እስከ ሥሩ ያድርቁት። ማለክለክ ከጀመረ ያቁሙ። መብራት በሌለበት ቀን አይጠቡት። ከዝናብ ሲመለስ ሙሉ እጥበት አያስፈልገውም፤ እግሩንና ሆዱን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ አድርቀው፣ ሚዶ ማሳለፍ በቂ ነው።

በዓይኑ ዙሪያ ያለውን ፀጉር ጫፉ ዱልዱም በሆነ መቀስ፣ መቀሱን ከዓይን አርቀው ወደ ጎን አስተኝተው ይቁረጡ፤ እጅዎ ካልተማመነ ለባለሙያ ይተዉት። በነጭ ፀጉር ላይ ከዓይን ሥር የሚታየው ቀይ ቡናማ ቀለም በእንባ ውስጥ ካለው ፖርፊሪን የተባለ ንጥረ ነገር የሚመጣ ነው፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በየቀኑ ይጥረጉት። ዓይኑን ካጨፈገገ ወይም በእግሩ ካሸው ግን ፀጉር ዓይኑን ቧጥጦት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታይ።

ስለ ምግቡ አልጠየቁም፤ ሆኖም ፀጉር ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው። ቤተሰቡ ሲጾም ውሻውም የጾም ትርፍራፊ የሚበላ ከሆነ ፀጉሩ ይደርቃል፣ ይሰባበራል፣ በቀላሉም ይቋጠራል። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ለቡቺ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሥጋ ወይም የውሻ ምግብ ለብቻው ይዘጋጅለት። ሽንኩርት የገባበት ወጥ ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ስለሚያጠፋ በጾምም በፍስክም አይስጡት።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ሳይታጠብ፣ ሳይቀባ፣ በደረቅነቱ ወደ ክሊኒክ ይውሰዱት፤ የክትባት ካርዱን ይያዙ። የብረት ሚዶውንም አብረው ይዘው ይሂዱ፤ ባለሙያው ጆሮውና ጅራቱ ላይ ሊተርፍ የሚችለውን ፀጉር በሚፈታበት ጊዜ እጁን ይመልከቱ፣ ከዚያም እርስዎ አንዱን ጆሮ በፊቱ በጥረው ያሳዩት።